ምንጣፍ ከመታጠቡ በፊት ጀርባው ይገለጥ

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

እንደምን ሰነበቱ? በነሐሴ መጨረሻ ባወጣችሁት እትም የቤት አያያዝ ገጽ ላይ፣ አዲሱን ዓመት ለመቀበል ምንጣፍ በሙቅ ውኃና በዱቄት ሳሙና ታሽቶ እንዲታጠብ የሚመክር አጭር ጽሑፍ አንብቤ ነበር። ጸሐፊው በጎ አስቦ እንደጻፈው አልጠራጠርም። ግን የትኛው ምንጣፍ? ከምን የተሠራ? በየትኛው ከተማ፣ በየትኛው ወር? ይህ አልተነሣም። እኔ የምኖረው ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ነው። እዚህ በጳጉሜን የታጠበ ወፍራም ምንጣፍ መስከረም ጠብቶም አይደርቅም። መልስ ለመጻፍ እስከ ኅዳር የዘገየሁት፣ የምለውን ነገር ጥቅምት ላይ በገዛ ቤቴ ሠርቼ ካየሁት በኋላ ልጻፍ ብዬ ነው።

ነገሩን ያነሣሁት አምና አንድ የሱፍ ምንጣፍ ስላጣሁ ነው። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በ1978 ዓ.ም. የመጀመሪያዋ ልጃችን በተወለደች ጊዜ ለሥራ አዲስ አበባ ሄዶ የገዛው ነው። የእጅ ሥራ ነበር፤ 2 ሜትር በ3 ሜትር፣ መደቡ ቀይ፣ ዳር ዳሩ ቀለም ያልነካው ነጭና ጥቁር የበግ ጸጉር። በአውቶቡስ ጣሪያ አስጭኖ የዓባይን በረሃ ሲያሻግረው ዝናብ እንዳያገኘው በላስቲክ ጠቅልሎ፣ በገመድ አራት ቦታ አስሮት ነበር። አራት ልጆች ዳዴ ብለውበታል። ክርስትና ተበልቶበታል፤ የባለቤቴ ለቅሶ ጊዜም እንግዳ የተቀመጠው እሱ ላይ ነው።

በዚያ ሁሉ ዘመን አንድም ቀን ውኃ ውስጥ ነክሬው አላውቅም። በዓመት ሁለቴ አጥር ላይ አውጥቼ በዱላ አቧራውን አራግፋለሁ፤ የፈሰሰበትን ነገር ወዲያው በጨርቅ አነሣለሁ፤ በቃ። አምና ግን ጉልበቴን አመመኝ። ልጄ «እማዬ፣ አትድከሚ፤ ለእንቁጣጣሽ እናሳጥበው» ብላ ጳጉሜን 2 ቀን ወደ አንድ ላቫጆ ወሰደችው። የቤቱን ስም አልጠራም። ልጆቹ የሚያውቁትን ያህል ሠርተዋል፤ ይህን ሥራ ቁጭ አድርጎ ያስተማራቸውም የለም። መኪና በሚያጥቡበት ሲሚንቶ ላይ ዘረጉት፤ የመኪና ጭቃ በሚያስለቅቁበት የግፊት ውኃ መቱት፤ ዱቄት ሳሙና በብዛት ነሰነሱበት፤ ነጩ ዳር ላይ የነበረው የቡና ጠብታ አልለቅ ሲላቸው በረኪና አፍስሰው በሽቦ ብሩሽ ፈተጉት።

በዋዜማው ማታ ሁለት ሰው ተሸክሞ አመጣልን። ላዩ ደርቋል፤ ውስጡ ግን ሲጫኑት ውኃ ያመነጫል። ቀዩ በነጩ ላይ ፈሷል። በረኪና የነካው ቦታ ነጭ መሆኑ ቀርቶ እንደ ጥርስ ቢጫ ሆኗል፤ ጸጉሩም በጣት ሲነኩት እየተበጠሰ ይወጣል። ለበዓሉ እንግዳ ስለሚመጣ እንዳለ አነጠፍነው። በ4ኛው ቀን ሽታው ጀመረ። በሳምንቱ የልጅ ልጄ፣ ድሮም አስም የሚያስቸግረው ልጅ፣ ሌሊት ሌሊት እየሳለ መተንፈስ አቃተው። ሐኪሙ መድኃኒቱን ከጻፈ በኋላ የጠየቀው የመጀመሪያ ጥያቄ «ቤት ውስጥ የረጠበ ነገር አለ ወይ?» የሚል ነበር። ተመልሰን ምንጣፉን ስንገልጠው ጀርባው ጥቁር ነጠብጣብ ሻጋታ ለብሷል፤ የወለሉ ሲሚንቶም እርጥብ ነበር።

አሁን ምክንያቱን ልናገር፤ ምክንያቱን ማወቅ ለእኔ ሙያዬም ስለሆነ። በባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ማቅለሚያ ክፍል ለ27 ዓመት ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ነኝ። እኛ የምንሠራው በጥጥ ነው። ጥጥ ቀለም ከመጠጣቱ በፊት ሰሙንና ቅባቱን እንዲለቅ በኮስቲክ ሶዳ ይቀቀላል፤ ከዚያም ይነጣል። ጥጥ ይህን ሁሉ ችሎ ይወጣል። ሱፍን ግን እዚያው ጋን ውስጥ ብትጨምሩት በደቂቃዎች ውስጥ ሟሙቶ ይጠፋል። ሱፍ እንደ ሰው ጸጉርና እንደ ጥፍር ያለ የእንስሳ ገላ ነው፤ ጥጥ ደግሞ ተክል ነው። ዱቄት ሳሙና የሚያሟልጨው ከኮስቲክ ሶዳ ጋር ዘመድ የሆነ፣ ግን ለስለስ ያለ ነገር ስላለበት ነው። በረኪና ደግሞ ሱፍን ይበላዋል። በዚህ ላይ ሙቅ ውኃና ብርቱ ፍትግያ ሲጨመር፣ የሱፍ ጸጉር ላይ ያሉት ጥቃቅን ቅርፊቶች እርስ በርስ ይነካከሱና ምንጣፉ ይጠብቃል፣ ይኮማተራል፤ ከዚያ ወዲያ የሚመልሰው የለም። የእኔ ምንጣፍ በርዝመቱ አንድ ክንድ ያህል አጥሮ ነበር።

ስለዚህ ማንኛውም ሰው ሳሙና ከመግዛቱ በፊት ምንጣፉን ይገልብጠው። ጀርባው ብዙ ይናገራል። የላዩ ንድፍ በጀርባውም ቁልጭ ብሎ ከታየና ድርና ማጉ በእጅ ከተለየ፣ በእጅም ሆነ በማሽን የተሸመነ ነው። ጀርባው ላይ ሻካራ ጨርቅ በሙጫ ከተለጠፈበት፣ ፋብሪካ ጸጉሩን በጨርቅ ላይ ሰክቶ በላቴክስ ያጣበቀው ነው፤ ይህኛው ዋና ጠላቱ የግፊት ውኃ ነው። የጎረቤቴ ሳሎን ምንጣፍ እንደዚህ ነበር፤ በግፊት ውኃ አሳጥባው ሙጫው ለቆ ጀርባው እንደ እንጀራ ተቀርፎ ወጣ። ጀርባው ቡናማ የቃጫ ጨርቅ (ጁት የሚሉት) ከሆነ ደግሞ ብዙ ውኃ ጠጥቶ ሲቆይ ቡናማ ቀለሙን ወደ ላይ ይልካል፤ ሰው «ቆሻሻው ተመልሶ ወጣ» የሚለው ብዙ ጊዜ ይህንን ነው።

ጀርባው ካልነገራችሁ ከዳር አንዲት ክር ምዘዙና፣ በሩቅ፣ በብረት ሳህን ላይ በክብሪት ለኩሷት። የተቃጠለ ጸጉር ከሸተተና እሳቱን ሲያርቁት ራሱ ጠፍቶ በጣት የሚደቅ ጥቁር አመድ ከተወ፣ ሱፍ ነው። እንደ ወረቀት ሸትቶ ለስላሳ ግራጫ አመድ ከሆነ፣ ጥጥ ወይም ቃጫ ነው። ቀልጦ ጠንካራ ጥቁር ፍሬ ከሆነ፣ ሰው ሠራሽ ነው። ገበያው ውስጥ የቱርክ እየተባሉ ከሚሸጡት ብዙዎቹ ፖሊፕሮፒሊን ከሚባል የፕላስቲክ ክር የተሠሩ ናቸው። ፖሊፕሮፒሊን ውኃ አይጠጣም፤ ስለዚህ ቶሎ ይደርቃል፤ በሳሙናም በቀላሉ አይጎዳም። ቅባት ግን ይወዳል፤ የዶሮ ወጥ ዘይት የነካው ቦታ ካልተፈገፈገ አቧራ እየሳበ ይጠቁራል። ደግሞም በ160 ዲግሪ አካባቢ ስለሚቀልጥ፣ የጧፍ ሰም ላንሣ ብሎ ካውያ አሙቆ በቀጥታ ያስቀመጠበት ሰው ጸጉሩን ከካውያው ጋር ያነሣዋል።

ቀለም ይለቅ እንደሆን ለማወቅ ነጭ ጨርቅ በሳሙናው ውኃ ነክሮ፣ ሶፋ ሥር በሚውል ጥግ ላይ አምስት ደቂቃ መጫን በቂ ነው። ጨርቁ ከቀላ ውኃ አይንካው። እኔ አምና ይህችን አምስት ደቂቃ ባገኝ ኖሮ ምንጣፌ ዛሬም ሳሎኔ ውስጥ ነበር።

ከእርጥቡ ይልቅ ደረቁ ሥራ ይበልጣል። ምንጣፍ ውስጥ ያለው ቆሻሻ አብዛኛው ደረቅ አቧራና አሸዋ ነው። የእኛን ከተማ ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ ከጥር ጀምሮ ኮብልስቶን ባልደረሰው መንገድ ሁሉ ቀይ አፈር ይቦናል። ይህ አፈር ሳይራገፍ ውኃ ሲያገኝ ጭቃ ሆኖ ከጸጉሩ ሥር ይቀመጣል፤ የቱንም ያህል ሳሙና ቢፈስ አይወጣም። ስለዚህ ምንጣፉ ገመድ ወይም አጥር ላይ ይሰቀል፤ መጀመሪያ ከጀርባው ይመታ፤ ቀጥሎ ከፊቱ፤ አቧራው እስኪያቆም። ቫኪዩም ያለው ሰው ከጀርባውም ከፊቱም ቀስ ብሎ ያስኪደው። አንድ ቀን ሙሉ ቢፈጅ አይቆጭም፤ ብዙ ጊዜ ከዚህ በኋላ ውኃ የሚያስፈልገው የቆሸሸው ቦታ ብቻ ሆኖ ይገኛል።

እኛ ጋ ምንጣፍ የሚያቆሽሸው በአመዛኙ የቡናው ሥነ ሥርዓት ነው፤ ቡናውን ተዉ ማለቴ አይደለም። ቄጠማ ምንጣፍ ላይ በቀጥታ ሲጎዘጎዝና ሰው ሲረግጠው አረንጓዴው ይታተማል፤ ይህ በሳሙና ብቻ እንቢ ይላል፤ አልኮል የነካ ጨርቅ ግን ያነሣዋል። ቡና ሲደፋ ጨርቅ አድርጎ መጫን እንጂ ማሸት አይገባም፤ ማሸት ወደ ሥር ይሰደዋል። የከሰል ብናኝ ከወደቀ ደግሞ ውኃ ጭራሽ አይቅረበው፤ በቫኪዩም ወይም በእፍታ ካልተነሣ በእርጥብ እጅ ሲነካ ቀለም ይሆናል። እኔ አሁን ቄጠማውን ሰሌን ላይ አድርጌ ከምንጣፉ ዳር ነው የምጎዘጉዘው።

ውኃው ካስፈለገ ይህን አደርጋለሁ። ለሰው ሠራሹ፦ 10 ሊትር በሚይዝ ባልዲ ለብ ያለ ውኃ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና። ከዚያ አይበልጥም። ሰው ሳሙና ሲያበዛ የጸዳ ይመስለዋል፤ ሳይለቀለቅ የቀረ ሳሙና ግን ሲደርቅ እንደ ማር ይጣበቅና የሚቀጥለውን ወር አቧራ ሁሉ ይሰበስባል። «ካጠብኩት ወዲህ ቶሎ ቶሎ ይቆሽሻል» የሚሉ ሰዎች ዕዳቸው ይህ ነው። ለስላሳ ብሩሽ፣ ወደ ጸጉሩ መተኛ አቅጣጫ፤ ከዚያ አረፋ እስኪጠፋ ንጹሕ ውኃ፤ ከዚያ በወለል መግፊያው ላስቲክ ውኃውን ወደ አንድ ጎን ደጋግሞ መግፋት። ለሱፍ፦ ቀዝቃዛ ውኃ፣ የጸጉር ሻምፖ ጥቂት፣ በእጅ መዳፍና በስፖንጅ ከላይ ብቻ፤ መንከር የለም። በመጨረሻው መለቅለቂያ ባልዲ ውስጥ ግማሽ ስኒ አቼቶ ይጨመር፤ ሱፍ ትንሽ ኮምጠጥ ያለ ውኃ ይስማማዋል፤ ቀለሙም ይረጋል። ዋጋ ያለው የሱፍ ምንጣፍ ከሆነና ሰፊ ቦታው ከቆሸሸ ግን ለሚያውቅ ሰው ይሰጥ፤ የሚያውቅ ሰው ካልተገኘ እያራገፉ መቆየት ይሻላል።

ከግድግዳ ግድግዳ የተለጠፈው ሞኬት ሌላ ነገር ነው፤ አይነሣም፣ ፀሐይ አይወጣም። ለእሱ ሙቅ ውኃ ረጭቶ ወዲያው መልሶ የሚመጠው ማሽን ካልሆነ በቀር በባልዲ ባይሞከር ይሻላል። ማሽኑም ቢሆን የሚመጠው ከሚረጨው እንዲደጋገም፣ መስኮትም እንዲከፈት መጠየቅ አለበት። ሽታ ብቻ ከሆነ ቤኪንግ ሶዳ ነስንሶ ሌሊቱን አሳድሮ በቫኪዩም ማንሣት ይበቃል።

አሁን ወደ ወሩ ልመለስ፤ ደብዳቤውን የጻፍኩት ለዚህ ነውና። እርጥብ ጨርቅ ላይ ሻጋታ ለመያዝ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ይበቃዋል። ባሕር ዳር ክረምቱ ከሰኔ ጀምሮ እስከ መስከረም አጋማሽ ድረስ ነው፤ ጳጉሜን ላይ ጧት ፀሐይ ወጥቶ ከሰዓት በኋላ ሳይዘንብ የሚውል ቀን ጥቂት ነው። አየሩም ከጣና ጋር ተዳምሮ እርጥብ ነው። በዚህ ጊዜ ለበዓል ብሎ ምንጣፍ መንከር፣ ለበዓል ሻጋታ ማዘጋጀት ይሆናል። ለእንቁጣጣሽ ምንጣፍ ይራገፍ፤ የቆሸሸ ጥግ ይነካ፤ ወለሉ ይታጠብ። የሙሉ እጥበት ወር ጥቅምትና ኅዳር ነው። ዝናቡ ሄዷል፤ አቧራው ገና አልመጣም፤ ነፋሱ ደረቅ ነው። ለገናና ለጥምቀትም ይደርሳል። ለፋሲካ ያሰበም መጋቢት ላይ መልካም ፀሐይ ያገኛል፤ ግን ከመንገድ የሚመጣውን አቧራ ጠንቅቆ ጧት ጧት ይሥራ።

ሌላው ጭንቀቴ ውኃው የሚሄድበት ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ በሐይቁ ዳር ስሄድ ሰዎች እስከ ጉልበታቸው ገብተው ምንጣፍ ሲያጥቡ አያለሁ። ልጆች ጭምር። ጣና ሰፊ ነው፤ ከ3,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ግን ጥልቅ አይደለም፤ ጥልቁ ቦታ እንኳ ከ15 ሜትር አይበልጥም። የሚገባበት ነገር ቶሎ አይጠፋበትም። ፎስፌት ያለበት ሳሙና ለውኃ አረም ማዳበሪያ ነው። እምቦጭ የሚባለው የውኃ አረም በ2004 ዓ.ም. ጣና ላይ መታየቱ ከታወቀ ወዲህ ገበሬው፣ ተማሪው፣ ካህኑ እስከ ወገቡ ገብቶ በእጁ ሲነቅል አይተናል። ከእርሻ የሚታጠበው ማዳበሪያና ከከተማው የሚወርደው ፍሳሽ ከምንጣፍ ሳሙና እጅግ እንደሚበልጥ አውቃለሁ። ሆኖም አንዱን እጃችንን ለነቀላ ሰጥተን በሌላው ማዳበሪያ ማፍሰስ አይገባንም። ለሚያጥበው ሰው ደግሞ ከዚህ የቀረበ አደጋ አለ፦ በሐይቁ ዳር ቢልሃርዚያ የሚባለው የትል በሽታ አለ። ከቀንድ አውጣ የሚወጣው ትል ቁስል አይፈልግም፤ ውኃ ውስጥ የቆመ እግርን ቆዳ በስቶ ይገባል።

እናቴ ጋቢ በእንዶድ ነበር የምታጥበው። ስለዚህ አንዳንድ ሰው «ኬሚካል ካስፈራ በእንዶድ ይታጠብ» ይለኛል። እንዶድ መልካም ሳሙና ነው፤ ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. ዓድዋ ላይ ልብስ አጣቢዎች እንዶድ ከሚጠቀሙበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣ ሞቶ ማየታቸው ነው ለቢልሃርዚያ መከላከያ ምርምር ያበቃቸው። ነገር ግን ያው እንዶድ ዓሣንም ይገድላል። እሱም ቢሆን ባልዲ ውስጥ ይሁን፤ እጣቢውም ሐይቁ ውስጥ ሳይሆን ግቢ ውስጥ አፈር ላይ ይፍሰስ።

ለላቫጆ ልጆችና እነሱን ላደራጁ የከተማው ሰዎች ሦስት ነገር እለምናለሁ። ምንጣፍ ሲቀበሉ ገልብጠው ይዩ፤ ባለቤቱን «ሱፍ ነው?» ብለው ይጠይቁ። ከሲሚንቶ ከፍ ያለ የእንጨት ወይም የብረት ርብራብ ይኑራቸው፤ ምንጣፍ አየር ከሥሩ ካላገኘ አይደርቅም፤ ሳይደርቅም አይመለስ፣ ደንበኛ ቢቆጣም። እጣቢውም አሸዋ ማስቀሪያ ጉድጓድ ገብቶ እንጂ በቦዩ ቀጥታ ወደ ሐይቁ አይውረድ። ይህን የሚያደርግ ቤት ካለ ዋጋውን ከፍ ቢያደርግ እኔ እከፍላለሁ፤ ጎረቤቶቼንም እልካለሁ።

እናንተን የምለምነው፣ የሚመጣው ዓመት ነሐሴ ላይ ያንን ምክር በድጋሚ ከማውጣት ይልቅ፣ ጥቅምት መባቻ ላይ ስለ አስተጣጠብ አንድ ገጽ እንድትሰጡ ነው። ጥያቄ ያለው ሰው ከመጣ ክር ማቃጠሉንም፣ የጨርቅ ፈተናውንም ተቀምጬ አሳያለሁ።

ጥቅምት 13፣ የሚካኤል ማግስት፣ ልጄና እኔ የመኝታ ቤቱን ሰው ሠራሽ ምንጣፍ ግቢ ውስጥ አጠብን። ጧት ሁለት ሰዓት ላይ ማራገፍ ጀመርን፤ ውኃው አራት ሰዓት ላይ ነካው፤ ስድስት ሰዓት ላይ በአራት ወንበር ላይ ፊቱን ወደ ታች ገልብጠን ዘረጋነው፤ ፀሐይ ቀለሙን እንዳትበላው። ከሐይቁ በኩል ነፋስ ነበረ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መዳፌን ከሥሩ አስገብቼ ብዳስሰው ደረቅ ነበር፤ ቢሆንም ሌሊቱን በረንዳ ላይ አሳድረን በማግስቱ ደግመን ፀሐይ አወጣነው። የልጅ ልጄ አሁን እሱ ላይ ተኝቶ የቤት ሥራውን ይሠራል። ከቀዩ ምንጣፍ ደግሞ ያልተጎዳውን አንድ ሜትር ያህል አስቆርጬ ዳሩን በመርፌ ቋጥሬዋለሁ፤ ባለቤቴ ይቀመጥበት በነበረው ወንበር ሥር ነው ያለው።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፤
የማቅለሚያ ክፍል ጡረተኛ፣ ከሽምብጥ፣ ባሕር ዳር